የቦዠና ወንበር

በጥር፣ በረዶው ከጉልበት ሲደርስ፣
መንገዱ ነጭ ሲለብስ፣
ቦዠና አካፋዋን ይዛ ወጣች፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ዛቀች፤
ለመኪናዋ አንድ ስፍራ አበጀች፤
ከዚያም የወጥ ቤት ወንበር አውጥታ፣
ከመሀሉ ላይ ጎልታ፣
«ይኼ ቦታ ባለቤት አለው» አለች፣ ቃል ሳታወጣ።

ቺካጎ የከረመ ሰው ይህን ሕግ ያውቃል፤
አልተጻፈም እንጂ ከተጻፈው ይጠብቃል።
የአንድ እግሯ ጎማ የወለቀ፣
ቢጫ ቆዳዋ የተሰነጠቀ፣
ያቺ ወንበር
ቆመች በብርድ፣ እንደ ዘበኛ በድንበር።

ኦዴል ግን፣ የሌሊቱ አውቶቡስ ነጂ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቷ፣
አንድ ንጋት ደክሞት ሲገባ
አንሥቶ ከአጥር ጥግ አስጠጋት፣ ከነኩራቷ።
ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀረ፤
በደጃቸው መሀል ከበረዶው የባሰ በረዶ ተጋገረ።

አሁን ሐምሌ ነው።
በእኔ ቋንቋ ሐምሌ ጭቃና ጉም ነው፣
በቀን መብራት የሚያስለምን።
እዚህ ግን ሐምሌ ሌላ ሰው ነው፤
በብስክሌት ሲከንፍ ሸሚዙ እንደ ሸራ የተነፋ፣
ሐብሐብ ገምጦ ፍሬውን ወደ ሐይቁ የሚተፋ።

ሐይቁም፣ ሐይቅ ይሉታል እንጂ ማዶ የለውም፤
ቢያዩት ቢያዩት ለዓይን ማረፊያ ዳር አይሰጥም።
ውኃው የጥርን ቂም ገና አልተወም፤
ዘልሎ የገባ ሁሉ ይጮኻል፣
ጮኾ ግን የሚቀር የለም።
ልጆች ከአሸዋ ከተማ ይሠራሉ፤
ማዕበል ሲንደው ያጨበጭባሉ።
ሁለት ሽማግሌ ከድንጋይ ገበታ፣ ቼዝ ላይ አቀርቅረው፣
ንጉሣቸውን ከምርኮ ሲያድኑ
ፀሐይ መላጣቸውን ማረከችው።
ኤልፒዲዮም ጋሪውን እየገፋ፣ ደወሉን ቅጭል ቅጭል፣
ማንጎ በሚጥሚጣ፣ ኮኮናት፣ እንጆሪ፣
በእንጨት ላይ የረጋ፣ ጥርስ የሚቆረጥም፣
ሰልፉን አይቶ በስፓኒሽ ይስቃል፦
«ጥር ላይ በረዶ በነጻ ሲዘንብ ሁላችሁ ሸሻችሁ፤
ዛሬ በሦስት ዶላር ልትገዙ ተሰለፋችሁ!»

ቅዳሜ የሰፈሩ መንገድ ለፌስቲቫል ተዘጋ፤
አምፖል ከዛፍ ዛፍ ተወጠረ፣ መድረክ በጣውላ ተዘረጋ።
ያቺ የጥር ጦር ሜዳ፣ ያቺ የመኪና ማቆሚያ፣
ሆነች የጥሩምባ ነፊዎች ቦታ፣ የሕፃናት መጨፈሪያ።
በቆሎ በከሰል ይንጣጣል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፤
ጭሱን የሐይቁ ነፋስ ይዞ
ከሰው ሁሉ ፀጉር ያዳርሰዋል።

ቦዠና ወንበሯን ይዛ መጣች።
ከዚያችው ቦታ፣ ከዚያችው ስንጥቅ ላይ አኖረቻት፤
ልማድ ነው መሰለኝ።
ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ኦዴልን አየች፤
ከመድረኩ ጥግ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል፤
ሃያ ዓመት ፍሬን የረገጠ ጉልበቱ አብጧል።
ቆይታ አየችው።
የወንበሯን አቧራ በመዳፏ ጠረገችው፤
ሦስት እርምጃ ያህል ወደ እሱ ገፋቻት።
ይቅርታ አላለችም፣ ይቅር በለኝም አላለችው፤
«አንድ እግሯ ይወላገዳል» ብቻ አለችው።

«አውቃታለሁ» አለ።
«ተሸክሜያት የለ!»

ተቀመጠ። ወንበሯም ሲጥ አለች።
ሁለተኛው ዜማ ላይ በጣቱ ጉልበቱን መታ፤
ሦስተኛው ላይ ሕመሙን እዚያው ትቶ ተነሣ፤
እሷም ጫማዋን አውልቃ
(ፖላንድ የተወለደች እናቷ ብታይ ምን ትላት?)
እንዴት እንደሚረገጥ ሳታውቅ ገባች፤
ተሳሳተች፣ ደግማ ተሳሳተች፣ ሳቀች።
ከምሥራቅ በኩል ርችት ፈነዳ፣
አንዱ በሰማይ፣ አንዱ በውኃው ላይ፤
እኛም የቱን እንይ ብለን አንገታችን ታመመ።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ።
አምፖሉ ወርዷል፣ ጣውላው ተጭኗል፤
ወንበሯ ግን እዚያው ከመሀል ቀርታለች፤
ማን ረስቷት እንደሄደ አላውቅም።
መቀመጫዋ ላይ የማንጎው እንጨት፣ አንዲት የወፍ ላባ።
በረዶ የለ፣ የምትጠብቀው ነገር የለ።
መኪኖቹ ግን ሲደርሱ ፍጥነት ቀነሱ፤
አንድ በአንድ፣ በዝግታ፣ ዙሪያዋን ዞረው
ወደ ሐይቁ ፈሰሱ።