ሲጫን ብቻ

ነዚፍ ያመጣት ለታ ማክሰኞ ነበረ፣
ሚኒሞዋ ልክ ነው፣ ድምጿ የሰመረ።
በቆሎ መፈልፈያ ከማሳ ማሳ የምትጎትት፣
ናዳና አሰንዳቦ አቧራ ያለበሳት።
«አንዴ ትነሣለች፣ አንዴ ትወድቃለች፣
እግሬ ሳይንቀሳቀስ ብቻዋን ትጮኻለች።
ሁሌም አይደል» አለኝ፣ «ሁሌ ቢሆን ደግ፤
ስፈራው ይመጣል፣ ይጠፋል ሲፈለግ።»

ከቆጪ ጋራዤ አውጥቼ ነዳኋት፣
በአዌቱ ድልድይ፣ በሕርማታ አዞርኳት፣
የጅሬንን ዳገት በሁለት ማርሽ ረገጥኳት፤
አንዲት እንኳን ጉድለት በጆሮዬ አጣሁባት።
ሰርባቶዮዋ ሙሉ፣ ኋላዋ ባዶ ነው፤
ያንን አላሰብኩም። ያሰብኩት ሌላ ነው።

ለባለቤቷ ለዘቢባ አባ ቦራ
በስልክ ያልኳት ቃል ዛሬም አለ ከኔ ጋራ፦
«መኪናሽ ጤነኛ ናት፤ እግሩ ነው የታመመ፤
ሳይተኛ እየነዳ፣ እያደር የደከመ።»

ነዚፍ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።
ምንም አልተናገረ።

ሌላ ሾፌር ገባ፤ ከድር ቶሊ፣ ጎልማሳ፣
ሃያ ዓመት የነዳ፣ ድምፁን የማያነሣ።
በሳምንቱ መጣ። በር ላይ አቆማትና
«ትንጣለች» አለኝ። ይችን ብቻ፤ ዝም አለና።

መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ አፈርኩም፣ ጠየቅኩም፦
የት ላይ? ምን ስትስብ? ናፍጣዋስ ስንት ነበር?
ቀዝቅዛ ወይስ ግላ? አስፋልት ላይ ነው ወይስ በአፈር?
ሰርቦን ስታልፍ፣ አለኝ። ከግማሽ በታች። ተሳቢው ኋላዋ።
ባዶዋንስ? ኧረ በጭራሽ! ልብ ትሞላለች ባዶዋ።

ፊልትሮ ቀየርኩ። ያው ናት።
ኖዝሎቹን አወረድኩ፣ ፈተንኩ፣ መለስኩ። ያው ናት።
መርካቶ ያለው ሰው፣ የፓምፕ ሐኪም ነኝ ባይ፣
«ፓምፑ ነው» አለ፣ መኪናዋን ሳያይ፤
የጠራው ዋጋ ሁለት በሬ ይገዛል፤
ሰው ያላየውን በሽታ በውድ ያክማል።

እኔ ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ቱቦውን ለመንኩት፣
ውስጡ የሚያሳየውን፤ ከፓምፑ በፊት ቀጠልኩት፣
ከኮፈኑ ሥር አውጥቼ መስታወቱ ግርጌ አሰርኩት።
መፈልፈያውን ቀጥለን፣
ናፍጣዋን አጉድለን፣
ወጣን።

መጀመሪያ ጥርት ያለ ነበረ፣ ቀጭን፣ የማር ውሃ።
ዳገቱ ጀመረ።
ተሳቢው ጀርባዋን ቁልቁል ሲጫናት፣
አፍንጫዋ ሽቅብ ሲያይ፣
መጣች፤ አንዲት አረፋ፣
እንደ ዓሣ ዓይን ክብ።
ከኋላዋ ሦስት።
ከዚያ ሰንሰለት።
ሞተሩ ወደቀ። ተነሣ። ጮኸ።
የከድርን እግር አየሁት፤
ፔዳሉ ላይ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

ከሰርባቶዮው አናት፣ ቱቦው ሻንሲው ላይ በሚታጠፍበት፣
ጥፍር የማታህል ስንጥቅ፤ ባዶዋን ዝም የምትል፣ ስትጫን አፍ የምትከፍት።
አንዲት ጠብታ መሬት አትጥልም፤ ወደ ውስጥ ነው የምትጠጣ፤
እኔም አላየኋትም፣ ስንቴ ሥሯ ገብቼ ስወጣ።

አንድ ሜትር ቱቦ፣ ሁለት ፋሸታ፣ የአንድ ምሳ ሒሳብ።
ዘቢባ ከፈለች። ስለ ነዚፍ አልጠየቀችኝም።
እኔም አላነሣሁም።

ነዚፍ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ከአጂፕ ቦሳ።
የተቆረጠችዋን ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት።
ጎበጥ አደረጋት፤ ስንጥቋ ተከፈተች።
ለቀቃት፤ ተዘጋች።
ደግሞ ጎበጥ አደረጋት።
«ይችን ነው?» አለ።
ተሳፋሪ ጠራው። ቱቦዋን ከመሪው ጎን ሰካት፣
ሞተሩን አስነሣ፣ ሄደ።
መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ
ድምፁን አዳመጥኩ፤ ልማድ ነው፤
ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ትንተፋተፋለች።
ልነግረው ነበር።