የዘበኛው ተራ

ከሚዒልያ መንደር በእግር ቁልቁል ወርደን፣
ከክዚቭ ጅረት በላይ ሞንፎር ላይ ደረስን፤
ግማሹ ግንብ፣ ግማሹ አየር።

«ፈረሰኞች» አለኝ ጁብራን ሽቅብ እያየ፣
«ከባሕር ማዶ መጡ፣ ሥራው ብዙ ቆየ።
ከዚያ ሱልጣን መጣ፣ ከሥሩ አስቆፈረ፤
ቁልፉን አስረክበው ሄዱ፣ ማንም አልቀረ።»

ጆሮዬ ግን ወደ ቋንቋዬ ገሰገሰ፤
የፈረሰኛ ቤት ምን ሆነ? ፈረሰ።

ከበሩ ጥግ፣ ከአንድ ጥርብ ድንጋይ ላይ፣
ሣሩን ገለጥ አርገን ጎንበስ ብለን ብናይ፣
በጩቤ ጫፍ የተማሰ የዘብ መጫወቻ፤
እንደ ገበጣ ያለ፣ የሌሊት መግፊያ ብቻ።

ምናልባት ከግንቡ ሥር ዶማ ሲመታ፣
አልሰማሁም ብሎ ይጫወት ነበር ማታ።

የአለቆቹ ማኅተም፣ የጸሎት ቤቱ ጣራ፣
የወይኑ መጭመቂያ ሄደ በየተራ።
የቀረው ያ ነው፣ የሰለቸው ሰው የጩቤ ምልክት፤
የትናንት ዝናብ አቁሮበት፣
ጉንዳን ይዞራል ከቤት ወደ ቤት።

ጠጠር አነሳሁ። ጁብራን እጄን ያዘው፤
«ተዪው» አለ፣ «ተራው ገና የእሱ ነው።»