ገብስ የሌለበት ቆሎ

ከጣርማበር ዋሻ ጉም ለብሶ የወጣ
አውቶብስ ባየሁ ቁጥር፣
ቅርጫቴን ታቅፌ፣ በጭቃው ላይ ሮጬ፣
«ቆሎ! የገብስ ቆሎ!» እያልኩ አንጋጥጬ
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገብስ የኖርኩኝ፣
የቤት ኪራዬን በስኒ ሰፍሬ የከፈልኩኝ
የደብረ ሲናዋ ቆሎ ሻጭ እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ፣
«ስንዴ አይቅመስ» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ቀለለኝ።
«አጃም ይቅርበት» አለ። እሱንም እሺ አልኩኝ።
«ገብስም» ሲል ግን እጄን
ከጠረጴዛው ላይ ወደ ጭኔ ሳብኩት፣
ጥፍሬ ሥር ያለውን የጧቱን ገለባ ከዓይኑ ደበቅኩት።

ዘርአብሩክ ነው ስሙ። የተባረከ ዘር።
አባቱ ነው ያወጣው፣ ገብሱ ባማረ ዓመት፣ በኅዳር ማኅበር።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሆዱ ተነፋፍቶ፣ በሌሊት ተነሥቶ...
የሀገር እህልና ልጅ የተጣሉ እንደሆን ማን ያስታርቅ ገብቶ?
ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች ሲዘጋገኑ
እጁን ኪሱ ከትቶ «ጠግቤያለሁ» ይላል።
የቆሎ ሻጭ ልጅ ነው፤ ሁሉም ያምነዋል።

ዘሀራ ከሸዋ ሮቢት ማሽላ አመጣች፣
«ገብስ ያልዞረበት ነው» ብላ በልጆቿ ማለች፣
ለውዝም መረቀችልኝ፣ በመሐረብ ቋጥራ።
ረዳቱ ምትኩ፣ ከአዲስ አበባ
ካካዎ በጣሳ፣ ከወንበር ሥር ሸጉጦ፣
«ሴትዮ፣ አፈር ነው እንዴ?» አለኝ ስቆ ስቆ።
ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ አጥናፉ ደግሞ
«ምድጃዬ ያንቺ ነው» አለኝ ከልቡ፤
ቅን ሰው ነው። ግን ቅንድቡ ድረስ ስንዴ ነው ዱቄቱ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አለፍኩ። ቅር አለው።

ልብሴን ቀየርኩ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ።
አዲስ ድስት፣ አዲስ ማንኪያ ከቆጥ ላይ አወረድኩ።
ማሽላው በጋለው ብረት ላይ ጥቂት ጥቂት ሲወርድ
ነጭ ነጩን ወጣ፣ ክዳኑን አንኳኳ፣
ልክ እንደ ተቸገረ እንግዳ።
ለውዙን ከፈልኩ፣ ሱፉን ፈለፈልኩ፣
ሰሊጥ ጨመርኩበት፣ ማርና ዘይቱን በለሰሰ እሳት አቀለጥኩ፣
ጨው ለአፍታ ቆነጠርኩ።
ካካዎውን ልነፋ ወንፊት አነሣሁና
መሀል መንገድ ቆምኩኝ፦ የገብሱ ወንፊት ነው!
በታጠበ ሻሽ ነፋሁት።

የመጀመሪያው አረረ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሎን በቀለሙ
ሳውቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሲቀላ ሲጠቁር በዓይኔ የማበጥር።
ካካዎ ግን ጥቁር ነው፣ ሳይበስልም ጥቁር፣
አርሮም ያው ጥቁር።
ዓይኔ አልረዳኝም። አፍንጫዬን ላኩት፣
እሱም ዘግይቶ ደረሰ።

ሁለተኛውን ግን በአመድ በታፈነ ረመጥ አስቀመጥኩ፣
ክዳኑም ላይ ረመጥ። ትንፋሼን ይዤ አሸተትኩ፣
የማሩ ሽታ ቀድሞ፣ የለውዙ ተከትሎ
ሲመጣ አነሣሁት፣ ትሪ ላይ ዘረጋሁት፣
ከዚያ ያው ከባዱ ሥራ፦ አለመንካት።
ይህ እጅ ማገላበጥ ነው የሚያውቀው፣
እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብዬበት ያዝኩት።
ሲቀዘቅዝ ተያያዘ፣ ጓል ጓል ሆነ።

ዘርአብሩክ አንዱን ጓል በጥርሱ ሰበረ።
ኮሽ አለ።
ያ ድምፅ! በመንገዱ ሁሉ የሸጥኩት ድምፅ፣
ከቤቴ ብቻ ጠፍቶብኝ የነበረ።

በማግስቱ ዕቃውን ባዶውን መለሰ።
«ሁሉን በላኸው?»
«አይ። አዘገንኳቸው» አለ፣
እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ መዳፉ ቸኮሌት።

ማታ ከመንገድ ስገባ፣
የቀረችውን ጥቂት ልቀምስ እጄን ብዘረጋ
ዕቃውን ወደ ደረቱ ሳበው፤
«ቆይ እማዬ» አለኝ፣
«ታጥበሻል?»