የማስረከቢያ ቅጽ፣ በሦስት ኮፒ

ማናማ፣ ወደቡ ዳር፣ የሐምሌ ሌሊት፤
ውጭው ምድጃ ነው፤ እኔ ካቦርት ለብሼ ከማሽኑ ፊት።
ቁም ሣጥን ያክላል፣ ከቀዝቃዛ ክፍል ተዘግቶበት ይውላል፤
ሙቀት አይወድም፣ አቧራ አይወድም፤ ሰውን ግን ይችላል።

«ሱኩማራን፣» አሉኝ፣ «አንዲት ቅጽ ናት፣ ለጉምሩክ የምትታይ፤
እንግሊዝኛው ከግራ ይግባ፣ ዐረብኛው ከቀኝ ይታይ፣
ቁጥሩ መሐል ይቁም። ሳምንት ይበቃሃል።»
ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ማተሚያው ያጓራል።

እንግሊዝኛው ወታደር ነው፣ ተሰልፎ ያልፋል፤
ዐረብኛው ግን እጅ ለእጅ ካልተያያዘ ይጠፋል።
መነሻው ላይ ሌላ መልክ፣ መድረሻው ላይ ሌላ፤
ማሽኔ ይህን የት አውቆ! ፊደሉን በተነው፣
አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ባዕዳን ለየብቻ አቆመው፣
ያውም የፊቱን ከኋላ።

በድሪያ ከሂሳብ ክፍል መጣች፤ መነጽሯን ገፋ አድርጋ
አየችው፣ መስመር ለመስመር፣ በጣቷ ፈልጋ ፈልጋ።
«የደንበኛው ስም የኋሊት ይራመዳል፤
ከዚህ ሁሉ ልክ የመጣው ‹ባብ› ብቻ ነው፤ እሱ ይነበባል።»
ባብ በር ማለት ነው። የመጋዘን በር፣ ቁጥር አራት።
በር ነዋ፣ ከግራም ከቀኝም ይገባበት!

በዚያው በር ገባሁ እኔም። ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤
ማን ከማን እንደሚጨባበጥ፣ ማን እንደሚኳረፍ መዘገብኩ፤
አሊፍ ለቀኝ ጎረቤቱ እጁን ይሰጣል፣
ለግራው ዘግቶታል።
አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፤ ቁጥር ከቁጥር አልተጣላም፤
ሁለቱም ከግራ ይጽፉታል። ሂሳብ ላይ ጠብ የለም።

የእኔ ማላያላም በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።
ማስታወሻዬን ግን በሱ ነው የምጽፍ፣
ከዳር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ጠርዝ፣
ማተሚያው ነክሶ ከሚጎትተው፣ ተቀዶ ከሚጣለው፤
«ሁለት ሚሊሜትር ወደ ቀኝ።» «የቤት ኪራይ።»
«ዛሬም እራት ረሳሁ።»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀቱ ወጣ። ፊደሎቹ ተያይዘዋል፣
መሰለኝ። ማንበቡን አልችልም፤ ለዓይን ግን ሰርገኛ ይመስላል።
ዘበኛውን ሐጂ መርሁንን ቀሰቀስኩት።
ባትሪውን አበራ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ
ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩት፣
የፈተና ውጤት እንደሚነበብለት ልጅ።

«ሽንኩርት ነው፣» አለኝ። «አርባ ጆንያ። በር አራት።
በደህና ደርሷል ይላል።
ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ?»
«ለዚህ ነው፣ ሐጂ። የመጨረሻውን ድገምልኝ።»
«በደህና ደርሷል።» ባትሪውን አጠፋ፣
መልሶ ደግሞ አበራ።
«ግን ሽንኩርቱ ላይ» አለ፣ «ከሥር አንዲት ነጥብ ጎድላለች።»

ካቦርቴን ቆለፍኩ።
ማሽኑ ይጠብቀኛል፣ አረንጓዴ ዓይኗ በርታለች።