ክሩ ሲበጠስ

ከሐረጎ ቁልቁል፣ ከመጠምዘዣው ሥር፣
ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ጋራዥ ነበር።
ታፔላ የለውም፣ ስልክም አልጻፈበት፣
“ሙሄ ጋ” ይለዋል ፍሬን የጋለበት።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ቁልፍ አቀባይ፣ ዘይት ጠራጊ፣
ከመኪና ሆድ ሥር የወደቀ ብሎን ፈላጊ፤
አሥራ ሁለት ቁጥር ሲለኝ አሥራ አራት እየሰጠሁ፣
በኩርኩም ፈንታ ታሪክ እየቀመስሁ።

“ይቺን የሠራት ሰው” ይላል፣ ኮፈኑን እየመታ፣
“ዘመዴ ነው” ይላል፤ ሳይስቅ፣ ሳያመነታ።
“ጃፓን ዘመድ አለህ?”
“አለኝ፤ በመወርወሪያ፣
በክር ነው የምንዛመድ፣ በሸማ መሥሪያ።”

ከዚያ ይጀምራል።

“አናጢ ነው አባቱ፤ እናቱ ሸማ ስትሠራ
እያየ አደገና ከእንጨት ጋር መከረ፣ ከብረት ጋራ።
ማሽን ፈለሰመ። ምን መሰለህ ብልሃቱ?
መፍጠኑ አይደለም ልጄ፣ መቆሙ ነው መድኃኒቱ፤
ከሺህ ድርና ማግ መሀል አንዲት ክር ብትበጠስ
ቀጥ ይላል፤ አይነቃነቅም፣ እስክትቀጠል ድረስ።
መኪናው የልጁ ነው፤ ከሽመናው በተገኘ ብር
የሰው አገር ሞተር ፈቶ፣ ብሎን በብሎን ሲመረምር።
ስሙንም ለወጡት፤ ‘ዳ’ ነበር፣ ‘ታ’ አሉት፤
ስምንት ጭረት ቢሆን በነሱ ፊደል፣ ገድ ነው ብለው ወደዱት።”

እኔ እስቃለሁ። እሱ አይስቅም።

ሙሄ ዳምጤ እኮ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል፣ ከማሽን ጋር ሲለካካ።
አባቱም ሸማኔ ነበር። በጎረምሳነቱ
የሐይቋን ዘሀራን ቢጠይቅ፣ ሽማግሌ ቢልክ ከቤቱ፣
“ለቁጢት በጣሽ ልጅ?” ብለው መለሱለት መልእክቱን።
ዘሀራ ተዳረች። እሱ ፈታታ የሰው ሞተሩን።

አንድ የሐምሌ ቀን ታዲያ፣ ጉም መንገዱን ሲውጠው፣
ጎማው ሥር እየጨሰ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ደጃችን አገኘነው።
ወረዱ ሽማግሌው። የዘሀራ አባት። ሐጂ እብሬ።
“ሰባ ሰባት እህል የጫነ ነው፤ ከእርዳታ ቤት ገዝቼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ
ዳገቱንም፣ ጭቃውንም፣ ደርግንም አለፈ፤
አሁን ምን ነካብኝ?” እያሉ፣ ከንፈራቸው ተንዘፈዘፈ።

ሙሄ ከሥሩ ተኛ። ጎማ ፈታ፣ ሸራ ለወጠ፣
እጁን በቡትቶ እያበሰ ቁልፉን ሰጠ።
ብር ሲዘረጉለት፣ “ይተዉት” አለ፤ “ይህን ብረት
የሠሩት ሸማኔዎች ናቸው፤ ሐጂ፣ ሳያውቁ ነው የነዱት።”

ሐጂ እብሬ ኮፈኑን አዩ።
ሙሄን አዩ።
አንድም ቃል ሳይሉ
ቁልቁል፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየሞከሩ ዘለቁ፣ ጉሙን እያቃለሉ።

ኋላ አንድ ማታ፣ በራዲዮ፣ ፔዳሉ ይጣበቃል ተባለ፤
መኪናውን በሚሊዮን መለሱት፤ አለቃው አጎነበሰ፣ “ይቅርታ” አለ።
ሌላው ሁሉ ተሳለቀ። ሙሄ ግን ሻዩን ደፋ፣
“አየህ! ክሯ ተበጠሰች፤ አቆሙት!” አለ፣ ፊቱ እንደ ሰርገኛ ፋፋ።

አሁን ጎልማሳ ነኝ። የራሴ ጋራዥ አለኝ፣ ሙጋድ።
ደላላው ዲኤክሱን ይዞ፣ “ባንክ ከምታስቀምጥ ይሄን ውሰድ፣
ሲያረጅ ይወደዳል” ይላል፤ አልዋሸም። ሹፌሩም፣ “አይቆምም፣ የባቲ ግመል ነው” ይለኛል፤
አባዱላ፣ ሃያ ሁለት ሰው፣ ሦስት ፍየል፣ ዳገት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ልክ ነው፣ ይችላል።

በዚያ ጥቅምት ግን፣ ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣
ጀርባው ላይ ብረት ተተክሎ በሐረጎ ሲበር፣
ሲወጣ የአንዱ ነበር፣ ሲወርድ የሌላው፤
ቁልፍ እንጂ ሰው አይለይ፣ ይነሳል ለያዘው።
ጋሽ ሙሄ በር ዘግቶ፣ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ፣
“አይቆምም” አለኝ። ዝም አለ። ደሞ፣ ምራቁን ተፍቶ፣
“የእናትየውን ክፍል፣ የክሯን፣ ረስተው ነው የላኩት።”

በሚያዝያ ቀበርነው።

ከቁልፎቹ መሀል፣ በሳጥኔ ጥግ፣ አንዲት መወርወሪያ አለች፣
የእንጨት፤ ከሙሄ የቀረች፤ ጫፏ በብረት የተለበጠች።
ደንበኛ አንስቶ ያገላብጣል፦ “ይሄ ደሞ የምን ዕቃ ነው?”
“የቶዮታ” እላለሁ።
“ኦርጅናል?”
“ኦርጅናል ነው።”