ተጠባባቂ

የማመልከቻ ቤት አለኝ ደብረ ሲና፣
ጉም በመስኮት ገብቶ የሚጠይቅ ጤና።
አሮጌ ላፕቶፕ ነው የእንጀራዬ ገመድ፣
እንደ ክፉ በቅሎ ጭነት የማይለምድ፤
ባትሪው ሞቶ ቆየ፣ በሶኬት ነው ነፍሱ፣
መብራት ብልጭ ካለ ጭልም ይላል እሱ።

ዛሬ ደግሞ
የእትዬ ዘነቡን የአጥር አቤቱታ
ሦስተኛ ገጹ ላይ ዋጠው በዝምታ።

ቁልፉን ተጭኜ መቁጠር ጀመርኩ፣
እንደ ድሮው፣ ከአንቶኖቭ በር እንደወጣሁ፦
አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት...
«የምን ቆጠራ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

አርባ ሁለት ጊዜ ዘልያለሁ ከሰማይ፣
አርባ ሁለት ጊዜ ተከፍቶልኝ ከላይ።
ለጥላዬ ብቻ፣ ስሙ ጥላ ሳለ፣
ዣንጥላው ጀርባው ላይ እንደተኛ ዋለ።
ከኋላው ነበርኩ፤ እየቆጠርኩለት።

አንድ ሺህ ሦስት።
ስክሪኑ ጥቁር፤ በውስጡ የኔው ፊት፣
ከፊቴ ኋላ የጣርማበር ጉም።

አንድ ሺህ አራት።
በአራት እጅ ወደ ደረት ነው፣ ተጠባባቂውን መሳብ።
እጄ የደረት ኪሴን ዳሰሰ፤
እስክሪብቶ አገኘ።
ሳብኩት።

«እትዬ፣ እስቲ ከሥሩ ይንገሩኝ፣
አጥሩን ማን አፈረሰ?»