አጥንት ቆጠራ

ስኮትላንድ፣ ሐምሌ ነው፤ ካፊያው አግድም ይነፍሳል፣
ከኒውዚላንድ፣ ከሃሊፋክስ ሰው ይደርሳል።
ወንዱ ባለመስመር ሽርጡን አሸርጧል፣
የአንዱ የዋጋ ወረቀት ጫፉ ላይ ቀርቷል።

የከረጢት ዋሽንት አየሩን ሲያርሰው
አጥንት ያስቆጥራል ወረፋ የያዘው ሰው፤
«በማን በኩል ነዎት?» ጸሐፊው ያጣራል፣
በቀይ ጢሙ ነው? በአንካሳው? ይቆጥራል።

የጎሳው አለቃ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ
«ቤታችሁ ነው» አለ፤
«ርስት በሺህ ዓመቱ» ዓይነት ነገር አክሎ ደግሞ።
ተጨበጨበለት። የአያቱን አያት
ማንም አላነሣም፣ ያኔ ያዘዘውን እሳት።

ኢሽቤል ብርጭቆዋን ሳትጠጣ አስቀመጠች፣
በጓሮ በር ሾልካ ዳገቱን ቧጠጠች።
ካርታው ያለው ቦታ፣ ከቁጥቋጦው መሀል
ጣሪያ አልባ ግድግዳ እንደ ጥርስ ይታያል፤
ለበጎች ተብሎ እሳት የበላው ቤት።
አንዲት በግ ቆማለች በሩ በነበረበት።

ተያዩ።
በጓ አልሸሸችም፤ አንድ እግሯን ታነክሳለች።
ኢሽቤል ተንበርክካ ሰኮናዋን ያዘች፣
ሰንጢዋን አውጥታ መግሉን አፈረጠች።
ሙያዋ ነው እኮ! አራት ሺህ በጎች
ከባሕር ማዶ ሜዳ ታሰማራለች፤
ያስ የማን ባድማ ነው? ማን ተነቅሎ ሄደ?
ጠይቃ አታውቅም፤ ጥያቄው አሁን
ከመግሉ ጋር አብሮ እጇ ላይ ወረደ።

ታች ዋሽንቱ ቆመ። ለእራት ይጣራሉ፣
«ኢሽቤል! ኢሽቤል!» ይላሉ።
እጇን በሣር ጠርጋ ቀስ ብላ ለቀቀቻት፤
በጓም ደፉን አልፋ ገባች ወደ ቤት።